«ወደ ቤት ውሰዱት» ከተባለ በኋላ፦ ስለ ሆስፒስና ስለ ማስታገሻ ሕክምና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከእነዚህ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በስልክ የመጡ ናቸው። ከበድ ከበድ ያሉት ግን በር ላይ የተጠየቁ ናቸው፤ ነርሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ልትወጣ ስትል፣ በሽተኛው እንዳይሰማ በሹክሹክታ። እኔም ከእነዚያ ነርሶች አንዷ ነኝ። ቤት ለቤት እየዞርን አቅም የሌላቸውን ሕሙማን በነፃ እናስታምማለን። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ የመድኃኒት መጠን ከዚህ ጽሑፍ አይወሰድም። እሱን የሚወስነው በሽተኛውን በዓይኑ ያየ ባለሙያ ነው።

«ምንም የሚደረግ ነገር የለም፣ ወደ ቤት ውሰዱት» ተባልን። እናንተ ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው?

ይህችን አባባል ሳይሰማ ወደ እኛ የሚመጣ ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ከልቤ ነው የምጠላት። ሐኪሙ ሊል የፈለገው «በሽታውን የሚያድን መድኃኒት የለም» ነው። ቤተሰቡ ጆሮ የሚገባው ግን «ሰውየውን ትተነዋል» የሚለው ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ሕመሙን ማስታገስ ይቻላል። የትንፋሽ ማጠሩን ማቅለል ይቻላል። ለማቅለሽለሹ፣ ለማሳከኩ፣ ለሆድ ድርቀቱ፣ ለቁስሉ ሽታ፣ ለእንቅልፍ ማጣቱ፣ ለሁሉም የሚሞከር ነገር አለ። ክኒንና መርፌ የማይደርሱበትም አለ። የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን ሰው ሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ብቻውን አያስተኛውም። በእሱ ምክንያት ልጁ ከትምህርት የቀረችበት፣ ከወንድሙ ጋር ሳይታረቅ አልጋ ላይ የዋለ ሰው «ያመኛል» ሲል የቱን እንደሚል መስማት ያስፈልጋል። የዘመናዊውን ሆስፒስ መሠረት የጣለችው እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳውንደርስ ይህን «ጠቅላላ ሕመም» ብላ ጠራችው፤ የአካል፣ የስሜት፣ የኑሮና የመንፈስ ሕመም አንድ ላይ ማለቷ ነው። እሷ ራሷ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥላ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በኋላም ሐኪም ነበረች። አልጋውን ከሦስት ወገን አይታዋለች።

በተግባር ግን ነገሩ ቀለል ያለ ነው። ነርስ ቤት ድረስ ትመጣለች። የቱ ጋ እንደሚያመው፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳበት፣ ምን እንደሚያሻለው ትጠይቃለች። መድኃኒቱን ታስተካክላለች። እንዴት እንደሚገላበጥ፣ እንዴት እንደሚታጠብ ለአስታማሚው ታሳያለች። በሚቀጥለው ስትመጣ ደግሞ «ሌሊቱን ተኛ? እናንተስ ተኛችሁ?» ትላለች።

ሆስፒስና ማስታገሻ ሕክምና አንድ ናቸው?

ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው ማስታገሻ ሕክምና ከባዱ በሽታ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ፣ ከሚያድነው ሕክምና ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል። ኬሞቴራፒ እየወሰደ ያለ ሰውም ያስፈልገዋል። ሆስፒስ ደግሞ በሽታው አልመለስ ሲል፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ወይም ሳምንታት የሚሰጠው እንክብካቤ ነው። ሆስፒስ ሲባል ብዙ ሰው ሕንፃ ይመስለዋል። አልጋ ያላቸው አሉ። ብዙው ሥራ ግን የሚሠራው በሽተኛው በገዛ ቤቱ፣ በለመደው አልጋው ላይ እንዳለ ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። እንግዳውንም እንግዳ ተቀባዩንም የሚጠራ አንድ ቃል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ውስጥ ዴቪድ ታስማ የሚባል፣ ከፖላንድ የተሰደደ አስተናጋጅ በካንሰር ሊሞት ተኝቶ ነበር። ብቸኛ ነው። ሳውንደርስ እየሄደች ትጠይቀው ነበር። እንደሱ ያለ ሰው የሚያርፍበት ቤት ምን መምሰል እንዳለበት ሁለቱ ይጫወቱ ነበር። ሲሞት 500 ፓውንድ ተወላት፤ በምትሠራው ቤት ውስጥ መስኮት እንዲሆንለት። ቤቱ፣ ማለትም የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ፣ የተከፈተው በ1967 ነው። መስኮቱ ቤት እስኪሠራለት 19 ዓመት ጠበቀ።

እውነት በነፃ ነው? ገንዘቡን ከየት ታመጡታላችሁ?

በነፃ ነው። ሐሳቡም የእኛ ፈጠራ አይደለም። ሮዝ ሃውቶርን የምትባል የደራሲ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1896 ኒው ዮርክ ውስጥ ችግረኞች በሚኖሩበት ሰፈር ክፍል ተከራይታ፣ ካንሰር ያለባቸውን ድሆች ማስታመም ጀመረች። በኋላ ያቋቋመችው የመነኮሳት ማኅበር ዛሬም ከበሽተኛም ከቤተሰብም ክፍያ አይቀበልም።

የበጎ አድራጎት ሆስፒስ የሚኖረው በለጋሾች፣ በገቢ ማሰባሰቢያና በትንንሽ ወርሃዊ መዋጮ ነው። ሰው የሚመስለው ውዱ መድኃኒቱ ነው። አይደለም። በውሃ የሚበጠበጥ የሞርፊን ዱቄት ርካሽ ነገር ነው። ውዱ መንገዱ ነው። ነርስ ሩቅ ያለ አንድ ቤት ደርሳ እስክትመለስ ነዳጁም ሰዓቱም ያልቃል።

ስለዚህ ስንመጣ ምንም አታዘጋጁ። ተበድሮ ሊያስተናግደን የተነሳ ቤተሰብ ገጥሞናል፤ ያሳቅቃል። በእኛ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ከመጣ ደግሞ አትስጡ፣ ደውሉልን።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን እኛ ከመምጣታችን በፊት ያለቀው ገንዘብ ነው። የቤት ዕቃ ተሽጦ፣ ብድር ተገብቶ፣ ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው ሲሮጥ የከረመ ቤት አለ። «አንድ ሌላ ምርመራ እናሠራ» ሲባል ሐኪሙን ይህችን ብቻ ጠይቁት፦ «ውጤቱ ምንም ቢሆን የምትሰጡን ሕክምና ይቀየራል?» ካልተቀየረ ገንዘቡ ለልጆቹ ይቆይ። ይህን መጠየቅ ንፉግነት አይደለም።

ካንሰር ለያዘው ብቻ ነው?

አይደለም። የልብ ድካም፣ የኩላሊት መድከም፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ ስትሮክ፣ የመርሳት በሽታ፣ ኤችአይቪ፣ ሁሉም ይመለከታቸዋል። ሕፃናትም ጭምር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት 56.8 ሚሊዮን ሰው ይህን እንክብካቤ ይፈልጋል። የሚያገኘው 14 በመቶው ገደማ ነው።

ሆስፒስ የገባ ቶሎ ይሞታል ይባላል። ተስፋ መቁረጥ አይሆንብንም?

የአሉባልታው ምንጭ ይገባኛል። በሽተኛው እየተንፈራገጠ ወር ይቆያል። በመጨረሻ እኛ እንጠራለን። በሦስተኛው ቀን ያርፋል። ሰፈሩ «ሆስፒስ ገደለው» ይላል። የተጠራነው ሦስት ቀን ሲቀረው እንደሆነ ማንም አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ሳንባቸው በካንሰር የተያዘና በሽታው የተሰራጨባቸው 151 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና ጋር ማስታገሻ ሕክምናም ከመነሻው ተጨመረላቸው። እነሱ 11.6 ወር ገደማ ሲኖሩ ሌሎቹ 8.9 ወር ኖሩ። ያውም በመጨረሻ ሰሞን ከባድ ከባድ ሕክምና ያነሰው ለመጀመሪያዎቹ ነበር። ለሁሉም በሽታ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልምልም። ሕመምን ማስታገስ ዕድሜ ያሳጥራል የሚለውን ግን ከዚህ በኋላ ባንደጋግመው ጥሩ ነው። ብቻ ቶሎ ጥሩን።

ሞርፊን ሱስ አያስይዝም?

በጣም የምንጠየቀው ይህ ስለሆነ ረዘም ላድርገው።

አንድ ቤት ስሄድ ልጅቷ የአባቷን ሞርፊን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋበት አገኘሁ። «ሲጮህ ብቻ ነው የምሰጠው፣ እንዳይለምደው» አለችኝ። አባትየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ ብርድ ልብሱን በጥርሱ ይዞታል። ሰውየው እንዳትቸገርበት ብሎ ጩኸቱን ሲውጥ፣ እሷ ደግሞ ካልጮኸ ደህና ነው ብላ ስትጠብቅ ነው የከረሙት። ሁለቱም የሚያደርጉት ለፍቅር ብለው ነው።

በአፍ የሚወሰደው የሞርፊን ሽሮፕ የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ጩኸት ከተጠበቀ መድኃኒቱ ሁሌ ከሕመሙ ኋላ ኋላ ይሮጣል። ሰዓት ተይዞ፣ ሕመሙ ሳይነሳ ከተሰጠ ግን ሕመሙ መሀል ላይ ብቅ የሚልበት ቀዳዳ አያገኝም። እዚያው ካርቶን ቀድደን ሰዓቶቹን ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። በሦስተኛው ቀን ስመለስ አባትየው ተደግፎ ተቀምጦ «ሬዲዮዋን ከፍ አድርጓት» እያለ ነበር።

ወደ ሱሱ እንመለስ። ሱስ ማለት ጉዳቱ እየታየ ነፍስ አልቆም ብላ ስትፈልገው ነው። ለከባድ ሕመም በባለሙያ መጠን የተወሰነለት በሽተኛ ወደዚያ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። መጠኑ ከፍ ሊል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጨምረው በሽታው ስለገፋ ነው። ሰውነት ስለሚላመደው ግን በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆም ክልክል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ሊያቅለሸልሸውም ይችላል፤ ሁለቱም እያደር ይቀላሉ። ሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ስለዚህ ሞርፊን ሲታዘዝ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ መታዘዝ አለበት። ካልታዘዘ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ትንፋሹ በጣም ከዘገየ ወይም አልነቃ ካለ ቀጣዩን ሳትሰጡ ወዲያው ደውሉ።

ድሃው ዘንድ ያለው ችግር ሞርፊን መብዛቱ ሳይሆን አለመድረሱ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሰላው፣ በዓመት ለዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል የሕመም ማስታገሻ (መጠኑ በሞርፊን ሲሰላ) ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። ኡጋንዳ መላ ፈልጋለች። እ.ኤ.አ. በ1993 ሐኪሟ አን ሜሪማን ያቋቋመችው ሆስፒስ ዱቄቱን በውሃ እየበጠበጠ በጠርሙስ ማደል ጀመረ። ሐኪም በሌለበትም እንዲደርስ በልዩ ሁኔታ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ሕጉ ተሻሻለ። ነርስ እንደመሆኔ በዚህ ትንሽ እኮራለሁ።

የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እንዴት አድርገን እናስታምመው?

አንድ ክፍል ይበቃል። ለበሽተኛው ትልቅ ቤት አያስፈልገውም፤ ሰው የሚያይበት፣ ሰው የሚሰማበት ቦታ እንጂ።

ራሱን ማገላበጥ ካቃተው በየ2 ሰዓቱ ገደማ አገላብጡት። ወገቡን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን በየቀኑ እዩ። የቀላ፣ ተጭነውት የማይነጣ ቆዳ ካለ የአልጋ ቁስል እየመጣ ነውና ንገሩን። አንሶላው አይሸብሸብ። ሲያነሱት ደግሞ አትጎትቱት፣ ቆዳው ይላጣል። ትንፋሽ ካጠረው ቀና አድርጋችሁ አስደግፉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ፊቱን አራግቡለት። ማራገብ ለማጽናናት ብቻ የሚደረግ እንዳይመስላችሁ። ፊት ላይ የሚነፍስ አየር የትንፋሽ ማጠርን ስሜት በእርግጥ ይቀንሳል።

ማንም የማይጠይቀው፣ እኛ ግን ገና በር ላይ የምናውቀው ነገር አለ፦ የቁስል ሽታ። የጡት ካንሰሯ የፈነዳ አንዲት እናት መጋረጃ ጋርዳ ጥግ ገብታ ነበር። ማንም «ሂጂ» አላላትም። ራሷ ናት የሄደችው። ትንሹ ልጇ እየመጣ መጋረጃው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ቁስሉን በጨው ውሃ አጥበን የተፈጨ ሜትሮኒዳዞል ነሰነስንበት፤ ሽታውን የሚፈጥሩትን ባክቴሪያዎች የሚገድል ርካሽ ክኒን ነው። በሳምንቱ ስሄድ መጋረጃው ተነስቷል። ልጁ እግሯ ሥር ተኝቶ ነበር። ቁስሉ አልዳነም፣ አይድንምም። ገመና መሸፈን የምንለው ሥራ ግን ይህ ነው።

እህል አልቀምስ አለ። በረሃብ ሊሞትብን ነው?

የሚሞተው በበሽታው ነው። አልበላ ያለውም ሰውነቱ መጠቀም ስላቃተው ነው። ማስገደድ ማስታወክና ትን ማለት ያመጣል፣ የመጨረሻዎቹን ቀናትም ጭቅጭቅ ያደርጋቸዋል። የፈለገውን፣ በፈለገው ሰዓት፣ በማንኪያ ጫፍ ስጡት። መዋጥ ሲያቅተው ከንፈሩንና አፉን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ እያራሳችሁ ቅባት ቀቡት። እናቶች ይህን መልስ አይወዱትም። አውቃለሁ።

ቁርጡን እንንገረው ወይስ እንደብቀው?

አብዛኛው በሽተኛ ያውቃል። ቤተሰቡ እሱ እንዳይሰማ ይደብቃል፣ እሱ ደግሞ ቤተሰቡ እንዳይሰበር ያላወቀ ይመስላል። በአንድ አልጋ ዙሪያ ሁሉም ለብቻው ያለቅሳል።

መርዶ እንደማርዳት በአንዴ አይዘረገፍም። መጀመሪያ እሱ ምን እንደሚያውቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ይጠየቃል። «ሕመምህ ምን ይመስልሃል?» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታውን ቶሎ አትሙሉት። ማወቅ አልፈልግም ካለ መብቱ ነው። «እሞታለሁ ወይ?» ካለ ግን «ኧረ ዝም በል፣ ምን ሆነህ!» ብላችሁ አፉን አትዝጉት። «ምን አሳሰበህ?» በሉት። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ሞቱ አይደለም። ዕዳ ነው፣ ልጅ ነው፣ ያልተባለ ይቅርታ ነው።

ልጆችን በተመለከተ፣ «አባዬ ሩቅ አገር ሄደ» አትበሉ። ልጅ ይጠብቃል። «ተኛ» ማለትም እንቅልፍ ያስፈራዋል። በጣም እንደታመመ፣ እንደማይድን፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ በአጭር ቃል ንገሩት። የመጨረሻዋን መናገር ብዙ ሰው ይረሳታል። ልጆች ግን በልባቸው ራሳቸውን ይወቅሳሉ።

አስታማሚው እኔ ነኝ። ደከመኝ ማለት ነውር ነው?

ነውር አይደለም። ወራት ሙሉ በቁም ያደረ ሰው «ምነው በገላገለው» ብሎ ቢያስብ ክፉ ሆኖ አይደለም። ይህን በሹክሹክታ ያልነገረኝ አስታማሚ ጥቂት ነው። ዘመድ «ምን ልርዳ?» ሲል «ምንም» አትበሉ። «ማክሰኞ ከሰዓት አንተ ተቀመጥ፣ እኔ ልተኛ» በሉት። ማንም ከሌለ በጎ ፈቃደኛ እንልካለን።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ምን ይመስላሉ?

እንቅልፉ ይበዛል። እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳው ሊጠቁር ወይም ሊዥጎረጎር ይችላል። ትንፋሹ ይፈጥንና ይቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ጉሮሮው ውስጥ የሚንኮራኮር ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ ለሰሚው እንጂ ለእሱ እንደማያስጨንቀው ይታመናል። በጎኑ አስተኙት፣ ያለዚያም ነርሷ የምትሰጠው መድኃኒት አለ። መስማት ከስሜቶች ሁሉ ዘግይቶ የሚሄድ ይመስላል። ስለዚህ አውሩት። ስለ መቃብርና ስለ ውርስ ግን አጠገቡ አታውሩ።

ሆስፒታል ይሮጥ ወይስ እዚሁ ይቆይ የሚለውን ገና ደህና ሳለ ወስኑ። በእኩለ ሌሊት፣ ሁሉም እየጮኸ፣ ጥሩ ውሳኔ አይወሰንም።

መርዳት እፈልጋለሁ፣ ግን የሕክምና ሰው አይደለሁም።

የሕንዷ ኬረላ ግዛት ይህን ጥያቄ ከሁሉም በተሻለ መልሳዋለች። እ.ኤ.አ. በ1993 ካሊከት ውስጥ በሐኪሞች የተጀመረው ማስታገሻ ሕክምና በኋላ ወደ ሰፈር ወርዶ የጎረቤት መረብ ሆነ። አስተማሪው፣ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው ጥቂት ሰዓት ይሠለጥናል፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሰው ይጠይቃል፣ ከኪሱም ትንሽ ይወረውራል። የግዛቷ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2008 ፖሊሲ አወጣለት።

እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ሾፌር እንፈልጋለን። ቅጽ የሚሞላልን፣ ልብስ የሚያጥብ፣ አንሶላ የሚሰጥ እንፈልጋለን። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። አጽናናለሁ ብሎ የሚያወራ በጎ ፈቃደኛ አይበረክትልንም።

ካረፈ በኋላ የተረፈውን ሞርፊን ምን እናድርገው?

መልሱልን። ጎረቤት ወገቡን አመመው ብላችሁ አትስጡ፤ ለአንዱ የተመጠነው ሌላውን ሊገድል ይችላል። ልጆች የሚደርሱበት ቦታም አታቆዩት። ቆጥረን ተረክበን እንፈርማለን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጠርሙሱን ልትመልስ መጥታ ሰዓት ሙሉ የምትቀመጥ አለች። እኛም አንቸኩልም።